አይሰማኝም

በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ስትሰረዝ፣ እዚህ ሐዋሳ ልብስ የምሰፋበት ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ። ከተቀነሱት አንዷ ነበርኩ። ሥራ ማጣቱስ ይሁን፤ እኔን ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ «አቡነ ዘበሰማያት» ስል አፌ ይላል እንጂ ልቤ የለም። ቅዱስ ገብርኤል ሄጄ አስቀድሳለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ያለቅሳል፣ እኔ የቤት ኪራይ እደምራለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጸሎቱን ማብዛት ነበር። የቀኑን ዳዊት በሙሉ ልድገም አልኩ፤ የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30 ነው። ሐሙስ ላይ ደከመኝና ተውኩት። ስተወው ደግሞ ሁሉንም እርግፍ አድርጌ ነው። መዝሙር ከፍቼ ለማልቀስም ሞክሬያለሁ። አለቀስኩ። ግን ያስለቀሰኝ ዜማው ነው፤ ራሴን አውቃለሁ። አንዷ ጓደኛዬ «የደበቅሽው ኃጢአት ይኖራል» አለችኝ። ይኖራል እንዴ! ሞልቶ! ግን ሥራ እያለኝም ነበረ እኮ።

አንድ ማታ ለንስሐ አባቴ በቴሌግራም «አባ፣ ስጸልይ አይሰማኝም» ብዬ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ ‹ሰ› ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

አልገባኝም።

«ከጠበቀ ምንም ያልተሰማሽ አንቺ ነሽ። ከላላ እግዚአብሔር አልሰማሽም ማለት ነው። ሲጻፍ አንድ ነው። የቱን ነው ያልሽው?»

ዝም አልኩ። ለወራት ሁለቱን አንድ አድርጌ ይዣቸው ኖሯል።

ስብከት አልጨመሩም። ትበያለሽ ወይ፣ ትተኛለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንቅልፍ አልነበረኝም። «እሱ ካልተስተካከለ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው» አሉ። ከዚያ ጸሎቴን ቀነሱልኝ፦ ጠዋትና ማታ አቡነ ዘበሰማያት፣ ማታ ማታ መዝሙር 12። አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ብሎ የሚቆጥረው ነው። አጭር ነው። «ቀንሺ እንጂ አታቋርጪ» አሉኝ።

መዝሙሩ የሚጀምረው «እስከ መቼ» ብሎ ነው። እግዚአብሔርን እስከ መቼ ትረሳኛለህ ማለት ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ዳዊት ግን ብሎታል፤ ቤተ ክርስቲያንም እሱን አፍ አላስያዘችም፣ ይኸው ታስደግማለች። መጨረሻው ምስጋና ስለሆነ ነው እንዳልል 87ኛው አለ፤ እሱ መጽናኛ ሳይኖረው ነው የሚያልቀው።

በስቅለት ዕለት «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ሲነበብ ጉልበቴ በስግደት ዝሎ ነበር። በየዓመቱ የምሰማው ቃል ነው። የዳዊት 21ኛው መዝሙር መጀመሪያ መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ያን ቀን ነው። ጌታም በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ድሮ የጸለየውን ነበር የጸለየው። ሌላ ምንም አልሆነም። በወይራ ተጠብጥቤ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ።

አከራዬ ጴንጤ ናቸው። ሳነክስ አይተው ቫዝሊን አመጡልኝ፤ እኔም ነገሬን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሳቅ አሉ። «እኛም ጋ አለ። እኔ ስንት ጊዜ ነበርኩበት መሰለሽ! ሰው ፊት ሃሌ ሉያ፣ ቤት ገብቼ ጭጭ።» ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በሬን ቆርቆር አድርገው «ጸለይሽ?» ይሉኛል። ይህ ጥያቄ ሰዎች ከነገሩኝ ምክር ሁሉ ይበልጥ ረድቶኛል።

አሁን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ማታ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ መዝሙር 12ን እደግማለሁ። አልፎ አልፎ ልቤ አብሮኝ ይቆማል። አብዛኛውን ቀን የለም።

ባለፈው ሳምንት ለአባ እንደገና ጻፍኩላቸው።

«አባ፣ ዛሬም አይሰማኝም።»

«የቱ?»

«የሚጠብቀው።»

«ደህና። 12ን ደግመሻል?»

«ደግሜያለሁ።»

«በይ ተኚ።»