እጅ ከመውጣቱ በፊት

የማኅበራትን መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅና ማስጸደቅ እዚህ ድሬዳዋ የምተዳደርበት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የወረቀት ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ የሌላ ማኅበር ደንብ ይመጣል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ አለቀ። እኔ እንደዚያ ላየው አልቻልኩም። በአንዲት አንቀጽ የተነሣ ከአንድ መሶብ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይቻለሁ።

ከገጠሙኝ ሁሉ የማልረሳው የሁለት ጫኝና አውራጅ ማኅበራት ውህደት ነው። ትልቁ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት በኩል ይሠራል፤ ትንሹ የቀፊራን ገበያ ይዞ የቆየ ነው። ለመዋሐድ ተስማምተዋል፤ የቀረው ደንቡን ማጽደቅ ነበር። የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ እንጨርስ ብለን ከዚራ ካለ አንድ አዳራሽ በጠዋት ገባን።

የትልቁ ማኅበር ሊቀመንበር ያዘጋጀውን ረቂቅ አሳደለና፣ «ወንድሞቼ፣ ረቂቁ በእጃችሁ ነው። እጅ እናውጣና እናጽድቀው፤ አብላጫው የወሰነው የሁላችን ነው» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። በቁጥር እንደሚበልጥ ያውቃል፣ ጊዜም እንዳይባክን ይፈልጋል፤ ይኸው ነው።

ከቀፊራ ወገን አንድ አዛውንት ተነሡ። ወረቀቱን አጥፈው በጣታቸው አንድ መስመር እያመለከቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህችን አንብበሃታል?»

«አንብቤያታለሁ አባባ።»

«አመራሩ አባልን ከሥራ ሊያግድ ይችላል ትላለች። ለስንት ቀን? ማን ሰምቶት?»

ረቂቁ መልስ አልነበረውም። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ጫኝ ማለት ተራ ማለት ነው። የተራ መዝገቡ ባለ ካሬ ደብተር ነው፣ ዳር ዳሩ በላብና በሲሚንቶ ጠቁሯል። ሌሊት የገባ መኪና በማን ስም እንደሚራገፍ የሚለየው እሱ ነው። ስሙ ከዚያ ደብተር ላይ የተሠረዘ ሰው የዚያን ቀን ለቤቱ ዳቦ አይዝም። ሊቀመንበሩ ግን «በድምፅ ይለይ» አለ፤ ከወዲህ በኩል ሰዎች ወንበር እየገፉ መነሣት ጀመሩ።

ይህን ጊዜ ነው የክፍላችን ኃላፊ ብድግ ያለችው። ቀድሞ ሕግ አስተማሪ ነበረች። «ጋሼ፣ ድምፁ የትም አይሄድም፤ አንድ የአገር ታሪክ ልንገራችሁና ከዚያ ትቆጥራላችሁ» ብላ የናሚቢያን ሕገ መንግሥት አወጣጥ አነሣች።

ናሚቢያ ስትል አዛውንቱ ፊታቸው በራ። «ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትባለዋ? በጃንሆይ ጊዜ ክሱን ያቀረበችው አገራችን አይደለችም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ያኔ ናሚቢያን ትገዛ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ለሙግት መብት የላችሁም ተባሉ። አዳራሹ ውስጥ ይህ ሲነገር ያደረበትን ቁጭት እኔም ተካፍያለሁ፤ አንድ ሕዝብ በአንዲት ድምፅ ብልጫ ወደ ደጅ ሲመለስ ያማል። ነፃነቱ እስኪመጣ ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ትግል ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 የናሚቢያ የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላት ተመረጡ። ከ72 ወንበሮች የነፃነት ንቅናቄው ስዋፖ 41 አገኘ፣ ዋናው ተቀናቃኙ ተርንሃሌ አሊያንስ 21፣ የቀሩትን አምስት ትንንሽ ድርጅቶች ተካፈሉ። ለብዙ ዓመት መሣሪያ ይዞ የታገለው ስዋፖ አብላጫውን ይዟል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚጸድቅ እ.ኤ.አ. በ1982 በነፃነቱ ድርድር ከተዘጋጁት መርሆዎች አንዱ ይደነግግ ነበር፤ ያ ደግሞ 48 ድምፅ ነው።

ኃላፊዬ እዚህ ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ጉባኤው በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን የስዋፖው ቲኦ-ቤን ጉሪራብ ተነሥቶ እነዚያን መርሆዎች ሁላችንም እንቀበል አለ። ሁሉም ተቀበሉ። የመብቶች ዝርዝር፣ ነፃ ፍርድ ቤት፣ በየጊዜው የሚካሄድ ምርጫ፤ አንድም አንቀጽ ሳይረቀቅ መሠረቱ ተጣለ። ከዚያ በኋላ የስዋፖ ረቂቅ መነሻ እንዲሆን ተቃዋሚዎቹም ፈቀዱ፤ የሚያስፈራቸውን ነገር ቀድመው አጥረውታልና።

በሄግ ጌይንጎብ ሰብሳቢነት 21 አባላት ያሉት ቋሚ ኮሚቴ ሥራውን ያዘ። ስዋፖ ጠንካራ ፕሬዚዳንት ፈለገ፤ ሌላው ወገን ሁለተኛ ምክር ቤት ካልኖረ አለ፤ ሁለቱም ተሰጣጡ። ያለ ፍርድ ማሰርን የሚፈቅደው ሐሳብም ተቃውሞ ስለበዛበት ከረቂቁ ወጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1990 ሕገ መንግሥቱ በሙሉ ስምምነት ጸደቀ። ጉባኤው ከተከፈተ 80 ቀን መሆኑ ነው፤ ነፃነቱ መጋቢት 21 ታወጀ። ኮሚቴው በዝግ በር መሥራቱን እኔ አልወድለትም። ሕዝቡ የራሱ ሕግ ሲወለድ ማየት ነበረበት። እኛ በራችንን ከፍተን የሠራነው ለዚህ ነው።

ታሪኩ አልቆ ሻይ ተጠጣ። ከሻይ ስንመለስ ሊቀመንበሩ ራሱ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠና ጠመኔ አነሣ። ማንም የማይቃወመውን እየተናገሩ እሱ ጻፈ። የጉልበት ዋጋ በዕለቱ ይከፈላል። ተራ ያለ ምክንያት አይዘለልም። ማንም ሳይሰማ አይታገድም። ሂሳብ በየወሩ ለአባላት ይነበባል። ደንቡም ሆነ ማሻሻያው በሁለት ሦስተኛ ይጸድቃል።

ገንዘብ ያዥዋ እጇን አወጣች። «ዛሬ የተስማማነውን ነገ ሁለት ሦስተኛ ሞልታችሁ ብታፈርሱትስ?»

ጥያቄዋ የቀኑ ትልቁ ጥያቄ ነበር። ናሚቢያ ውስጥም ይኸው ደርሷል፤ ስዋፖ እ.ኤ.አ. በ1994 ምርጫ 53 ወንበር ይዞ ሁለት ሦስተኛውን አለፈ፤ በ1998 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሳም ኑጆማ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። በእኔ እምነት ያ ማሻሻያ ለአንድ ሰው የተሰፋ ልብስ ነበርና ባይሆን ይሻል ነበር። መሠረታዊ መብቶቹ ግን አልተነኩም፤ አንቀጽ 131 እነሱን የሚቀንስ ማሻሻያ ፈጽሞ እንዳይደረግ ይከለክላልና። ይህን ነገርኳት። «እንግዲያው ለእኛም እንዲህ ያለ ይጻፍ» አለች፤ ተጻፈም። ሳይሰማ መታገድንና የዕለት ክፍያን የሚመለከቱት ሁለቱ አንቀጾች በማንኛውም ድምፅ አይሻሻሉም።

የቀረው ድርድር እስከ ከሰዓት ሄደ። ሊቀመንበሩ በጠቅላላ ጉባኤ ቀጥታ እንዲመረጥና የሥራ ምደባን እንዲመራ የቀፊራዎቹ ተስማሙ፤ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢነት ደግሞ ለእነሱ ሆነ። የእገዳው አንቀጽ ከአንድ መስመር ወደ ግማሽ ገጽ አደገ፤ ለአዛውንቱ ደጋግሜ አነበብኩላቸው፣ በሦስተኛው ንባብ «ይሁን» አሉ። እጅ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድም ተቃውሞ አልነበረም።

ያልተቋጨው የማኅበሩ ስም ብቻ ነው። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ስም ስላልለቀቁ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል፤ እስከዚያው ደረሰኙ ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን ይዞ ይታተማል።