ባሕር ዳር ላይ የሮክ ባንድ ለማየት እንዴት እንደሄድን

ሮክ ብዙም አላዳምጥም ነበር። ያደግኩት ከማሲንቆ ጋር ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ማሲንቆ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። የአክስቴ ልጅ ግን ሌላ ናት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ትማራለች፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፣ ነፍሷን የምትሰጥለት አንድ ባንድ አለ። አራት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ፕሮዲውሰር የላቸውም፣ ስፖንሰር የላቸውም፣ አልበምም አላወጡም። ዘፈኖቻቸውን ቤት ውስጥ ቀድተው በቴሌግራም ይለቃሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በራሳቸው ሥራ ቢያስጠሩት ደስ ይለኛል።

ወደ ባሕር ዳር እንደሚመጡ የሰማች ዕለት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አብረን ነው የምንሄደው» አለች። ልትጠይቀኝ አልነበረም፣ ልትነግረኝ ነው። ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ መንገዱ ሰላም የነበረበት።

የመጀመሪያው ሥራ ቲኬት መግዛት አልነበረም፣ ማዳመጥ ነበር። ሰዎች ሮክ ጩኸት ነው የሚሉት ሁሉንም በአንዴ ለመስማት ስለሚሞክሩ ነው ትላለች። ስለዚህ አንዱን ዘፈን ደጋግማ አስከፈተችኝ። አንዴ ድራሙን ብቻ፣ አንዴ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር ብቻ (ቤዝ በስልክ ስፒከር በደንብ አይሰማም፣ ኢርፎን የግድ ነው)፣ ከዚያ ጊታሩን፣ መጨረሻ ላይ ድምፃዊዋን። በዚህ መንገድ ጥቂት ምሽት ስታዳምጡ ያ ግድግዳ የሚመስለው ድምፅ ይከፈታል። ቤዙና ድራሙ አብረው እንደሚራመዱ፣ ጊታሩ መቼ ከእነሱ እንደሚለይና መቼ እንደሚመለስ መስማት ትጀምራላችሁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብትሉኝ ይሄን እወስዳለሁ። ኮንሰርት ላይ ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ግማሹን ጊዜ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው፣ አስቀድሞ የሰማ ግን እነሱ ዛሬ ምን እንዳደረጉበት ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ገረመኝ። ጊታሪስቱ ብቻውን የሚጫወትባቸው ቦታዎች ጆሮዬ የሚያውቃቸው ነበሩ። ምክንያቱን ነገረችኝ። ትዝታ በአንዱ መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምራችሁ ብትጫወቱ፣ በዓለም ያሉ የሮክና የብሉዝ ጊታሪስቶች መጀመሪያ የሚማሩት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ይሆናል። አምስት ድምፅ እኛም ጋ አለ፣ እነሱም ጋ አለ። መነሻውና ዜማው ይለያያል እንጂ አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው። ለካ እንግዳ የመሰለኝ የጊታሩ ሻካራነት ነበር፣ ዲስቶርሽን የሚሉት፣ እንጂ ዜማው አይደለም።

ስለ ሻካራነቱም መልስ ነበራት። ጌታቸው መኩሪያን አስታወሰችኝ። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው፤ ሳክስፎኑ ሲፎክር ድምፁ እንዲለሰልስ ማንም አይፈልግም። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ባንድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመ፣ በትልልቅ ሙዚቃ አሳታሚዎች እጅ ሳይገባ በራሱ የኖረ የፓንክ ሮክ (ፈጣንና ሻካራው የሮክ ዓይነት) ባንድ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው በየከተማው ተጫውተዋል። በኋላ ጌታቸውን ለ25ኛ ዓመታቸው ወደ አምስተርዳም ጋበዙት፣ እሱም አብረውት እንዲቀዱ ጠየቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። አስቡት፣ ሽለላ የሚጫወት ሽማግሌ የሚሆነውን ባንድ ሲፈልግ ያገኘው ፓንኮችን ነው። ይህን ስሰማ ከዚያ በፊት የነበረኝ «ይሄ የእኛ አይደለም» የሚል ስሜት ለቀቀኝ።

አሁን ስለ ገንዘብ ላውራ፣ ምክንያቱም ነጻ ባንድ (በማንም ድርጅት ሥር ያልሆነ) የሚለው ነገር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ የአክስቴ ልጅ የባንዱን ልጆች እንደምታውቅ ሲሰማ «በቃ በነጻ ታስገባን» አለ። መልሷ አጭር ነበር። «የምወዳቸውን ሰዎች እንጀራ ለምን እቀማለሁ?» ብላ ከሁላችንም ቀድማ ቲኬቷን ገዛች። ቁጭ ብዬ ሳስበው እውነቷን ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለው፣ ሚኒባስ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ አልጋ አለ፣ የሳውንድ ሲስተም ኪራይ አለ። ይህን ሁሉ የሚሸፍንላቸው ድርጅት የለም። በር ላይ የሚሰበሰበው ነው።

ይህ ኑሮ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የኖረው። አሳታሚ የለውም፣ ሥራ አስኪያጅ የለውም፣ ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ይሸልመዋል። እሱም ብቻ አይደለም፤ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ግጥም ያቀብላል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ ያጨበጭባል፣ ይመልሳል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ አድማጭ ካለ ጨዋታው ይሞታል። የአክስቴ ልጅም ባንዷን የምትከተለው እንዲሁ ነው። ግጥሙን በቃሏ ታውቃለች፣ ቀድማ ትመጣለች፣ ከፊት ትቆማለች፣ የምትችለውን ትከፍላለች። «ተቀበል» ባይባልም እየተቀበለች ነው።

ቀኑ የጥር ቅዳሜ ነበር። ጥር መሆኑ ራሱ ችግር አመጣ። ሰርግ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ጥሩ ስፒከርና ሚክሰር በሙሉ ሰርግ ቤት ሄዷል። ያገኙት ትንሽ ሲስተም ነበር፣ ከጀነሬተር ጋር። ለምን ሌላ ወር አልመረጡም ብትሉ ዐቢይ ጾም ከኋላ እየመጣ ነው፤ ጾም ከገባ ደግሞ ሙዚቃ ቤቱ ሁሉ ጭር ይላል።

ቦታው ሐይቁ ዳር ያለ ግቢ ነው፣ ትልልቅ ዋርካዎች ያሉበት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባጃጅ ደረስን፣ ሙዚቃው የሚጀምረው አሥራ አንድ ላይ ነው። ቀድሞ መድረስ የእሷ ሕግ ነው። የድምፅ ሙከራውን ማየት ከዋናው ዝግጅት እኩል ያስተምራል። ጊታሪስቱ አንዱን ክር እየመታ ያጠብቃል፣ ይመታል፣ እንደገና ያጠብቃል። ምን ሆኖ ነው አልኳት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ፣ ፀሐዩም ሌላ ነው። የጊታር ክር ብረት ነው፣ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። ጥላ ሥር እስኪያስገቡት ድረስ ቅኝት አልያዘለትም።

ሌላም ነገር ነበር። ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ድምፅ ይወጣል። ጊታሪስቱ መቆሚያውን እየቀያየረ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞረ፣ በመጨረሻ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። አንዳንዱ ሰው ሕዝብ የናቀ መስሎት አጉረመረመ። ነገሩ ሌላ ነው። የጊታሩ ማይክ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው፣ ከክሩ ንዝረት ሌላ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ ንዝረትም ይለቅማል። የእኛ መብራትም ሆነ ጀነሬተሩ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፣ ያ ነው የሚያጉረመርመው። ጊታሩን በትክክለኛው አቅጣጫ ካዞሩት ይቀንሳል። ልጁ ጎኑን የሰጠን ለእኛ ጆሮ ብሎ ነው። ይህን ለአጠገቤ ለቆሙት ነገርኳቸው፣ እነሱም ከኋላቸው ላሉት።

ስለ ጆሮ ካነሳሁ አይቀር፣ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል፣ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀራል። ሮክ ደግሞ 100ን በቀላሉ ይነካል። የአክስቴ ልጅ ትንንሽ የስፖንጅ መድፈኛዎች በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትሄደው። በጣት አድቦልብላችሁ ታቀጥኑታላችሁ፣ በሌላው እጃችሁ ከራሳችሁ በላይ አዙራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይ ትስባላችሁ፣ ታስገቡና እስኪያብጥ ድረስ በጣት ትይዙታላችሁ። ሙዚቃው አይጠፋም። እንዲያውም ግጥሙ ለእኔ የተሻለ ነው የተሰማኝ።

የት መቆም እንዳለባችሁም አስቡ። እሷ ከፊት ነው የምትቆመው፣ የድራሙ ምት ደረት ላይ ሲያርፍ እንዲሰማት። እኔ ግማሹን ከእሷ ጋር ቆምኩ፣ ግማሹን ሚክሰሩ አጠገብ። ባለሚክሰሩ ድምፁን የሚያስተካክለው ራሱ በሚሰማው ነው፣ ስለዚህ ከሱ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉም ነገር በልኩ ይሰማዋል። ግቢው ክፍት ነው፣ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ወደ ዳር የወጣ ሰው ቤዙን ያጣዋል። ቢራ ይዘው ሐይቁ ዳር የተቀመጡት ሰዎች «ቀጭን ድምፅ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ጥቂት እርምጃ ቀርበው ቢሆን ኖሮ ሌላ ባንድ ነበር የሚሰሙት።

ጨዋታው እንዴት ነበር? አጀማመሩ ላይ ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ ነው ያየው። የእኛ ሰው እስኪያምን ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ድራመሩ ግን ብልህ ነው። መሐል ላይ ሮኩን ቀስ አድርጎ ወደ ችክችካ አዞረው፣ ቤዙ ተከተለው፣ ጊታሩ ሻካራነቱን ሳይለቅ ትከሻ የሚያስነሳ ዜማ ገባ። ትከሻዎች ከኋላ ጀምረው ተነሱ። ድምፃዊዋ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ስታዞር የመለሱላት ከፊት የቆሙት ጥቂቶች ነበሩ፣ ቀጥሎ መሐሉ፣ ቀጥሎ ሁላችንም። እነዚያ ግጥሙን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ባይኖሩ ማይኩ ዝምታ ይዞ ይመለስ ነበር። አፍቃሪ ማለት ለባንድ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ። የአክስቴ ልጅ ድምፅ እስኪዘጋ ጮኻለች፣ እንባዋም መጥቷል፣ እኔም ኮራሁባት።

ሲያበቃ አልሄድንም። ነጻ ባንድ ዕቃ የሚሸከምለት ሠራተኛ የለውም። እኛም እንርዳችሁ አልን። እዚህ ላይ አንድ ምክር፣ ሳትጠይቁ ምንም እንዳትነቅሉ፤ አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ የጊታር ገመድ ከተነቀለ የሚወጣው ጓ የሚል ድምፅ ስፒከር ሊጎዳ ይችላል። ገመድ ስትጠቀልሉም በክርንና በመዳፍ መሐል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አትጠምጥሙት። ውስጡ ያለው ሽቦ ይጣመማል፣ ቆይቶ ይበጠሳል። አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያደረጋችሁ በእጅ ነው የሚሰበሰበው። ቤዝ ተጫዋቹ ይህን ሲያሳየኝ ለአንድ ገመድ ያን ያህል መጠንቀቁ ገርሞኝ ነበር፣ ከዚያ ግን እነዚያን ገመዶች የገዟቸው በራሳቸው ገንዘብ መሆኑን አሰብኩ።

ማታ አዝማሪ ቤት ወሰድናቸው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነበር፣ በጣምም ደስ ያለኝ። አዝማሪው ጊታሪስቱን ገና ሲያየው ነገሩን ጠይቆ ያዘና ወዲያው ለቀቀበት፦

«ስድስት ክር ይዞ ከሸገር የመጣ፣
ባንዲት የፈረስ ጭራ አምሮቱን ተወጣ።»

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ሞላ። ጊታሪስቱ ተነስቶ ሸለመው፣ ከዚያ ማሲንቆውን አስይዘኝ አለ። አንድ ክር ብቻ፣ እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት የተከፋፈለ ቦታም የለውም፣ ድምፁን ጣት ራሷ ፈልጋ ነው የምታገኘው። ልጁ ትዝታን ለማውጣት ሲታገል አዝማሪው ጣቱን ይዞ እያሳየው፣ ሁለቱም እኛን ረስተውናል።

የአክስቴ ልጅ ግን ከድራመሩ ጋር ሌላ ወሬ ላይ ነበረች። በሚቀጥለው በጥቅምት ኑ እያለችው ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ ሰርጉም ገና ነው፣ ትልቁ ሳውንድ ሲስተም ይገኛል። ባለቤቱን ራሷ እንደምታናግረው ነግራው ስልክ ቁጥሩን መዝግባ ጨርሳለች።