የኦሃዮ ስቴት የ2024 ሲዝን፦ ከግራ ታክል በኩል ሲታይ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን የ2024 ሲዝን በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ጄረማያ ስሚዝ ነው። እውነትም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ እንደዚያ ኳስ የሚቀበል ልጅ ማግኘት ብርቅ ነው። ግን ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን እንዴት ሻምፒዮን እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ዓይንን ከኳሱ አንስቶ ከፊት የሚተናነቁትን አምስት ሰዎች መከታተል ይሻላል። በተለይ ግራውን ጫፍ።

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ሰው፣ ሊወረውር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይሆናል። ከዚያ በኩል የሚመጣበትን ሰው አያየውም፤ የሚጠብቅለት በመስመሩ ግራ ጫፍ የሚቆመው ግራ ታክል ነው። ኦክቶበር 12 ዩጂን ላይ ከኦሬገን ጋር ሲጫወቱ ግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሲዝኑ ወጣ። ጨዋታውንም 32 ለ 31 ተሸነፉ።   

ቀጥሎ ነብራስካን 21 ለ 17 በጭንቅ አለፉ። ኖቬምበር 2 ከፔን ስቴት ጋር ሲጋጠሙ ከታክሉ ቀጥሎ በውስጥ በኩል የሚቆመውን ግራ ጋርድ ዶኖቫን ጃክሰንን ወደ ታክል አወጡት፣ በሱ ቦታ ካርሰን ሂንዝማን ገባ። በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይመስላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ጋርድ በግራም በቀኝም ረዳት አለው፣ ተጋጣሚውም አፍንጫው ሥር ነው። ታክል ጫፍ ላይ ብቻውን ነው። ዙሮ የሚመጣውን ለመቅደም በሰያፍ ወደኋላ እየተንሸራተተ መሄድ አለበት። ትከሻውን ቶሎ ወደ ውጭ ካዞረ በውስጥ ያልፉታል፤ ርምጃው ካጠረ ደግሞ በውጭ ይዞሩታል። ያን ቀን ከፊቱ የቆመው አብዱል ካርተር ነበር፣ በዓመቱ ከታዩት አስቸጋሪ የጫፍ አጥቂዎች አንዱ። ኦሃዮ ስቴት 20 ለ 13 አሸነፈ፤ መጨረሻ ላይም ከ5 ደቂቃ በላይ እየሮጠ ሰዓቱን ጨረሰ። ለእኔ የሲዝኑ ትልቁ ውሳኔ ይህ የጃክሰን ዝውውር ነው።

ከኢንዲያና ጨዋታ በፊት ደግሞ ሴንተሩ ሴት ማክላፍሊን በልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ሴንተር ኳሱን ከማቀበሉ በፊት የተከላካዮቹን አሰላለፍ አይቶ ማን ማንን እንደሚይዝ ለጓደኞቹ የሚናገር ሰው ነው። ሂንዝማን ወደ መሃል ተዛወረ፣ ሉክ ሞንትጎመሪ ግራ ጋርድ ሆነ። በአንድ ወር ከግማሽ ውስጥ የግራው ወገንና መሃሉ ሁሉ ሌላ ሰው ያዘው።

እንዲህ በተጠጋገነ መስመር ኖቬምበር 30 ሚሺጋንን ገጠሙ። የሚሺጋን ጥንካሬ መሃሉ ላይ ነበር፦ ተከላካዮቹ ሜሰን ግራሃምና ኬነዝ ግራንት። ኦሃዮ ስቴት ደጋግሞ የሮጠው ደግሞ በዚያው በመሃል ነው። 26 ጊዜ ሮጠው ያገኙት 77 ያርድ ብቻ ነው፤ በአማካይ 3 ያርድ እንኳ አይሞላም። በአራት ሙከራ 10 ያርድ ማግኘት ግድ በሆነበት ጨዋታ በዚህ አካሄድ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሁልጊዜ ብዙ ይቀራል። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ሁለት ኳስ ተጠለፈበት፣ መቺው ጄይደን ፊልዲንግም ሁለት ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በግቡ ቋሚዎች መሃል ማሳለፍ) ሳተ። 13 ለ 10 በገዛ ሜዳቸው። ለሚሺጋን በኦሃዮ ስቴት ላይ አራተኛ ተከታታይ ድል ነበር። አሰልጣኝ ራያን ዴይ ይባረር የሚለው ጩኸት ያኔ ቢበረታም አይገርምም፤ እኔን ያሳዘነኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን ያ ግትር አካሄድ ነው። ኳስ ተቀባዮቹ ስሚዝና ኤሜካ ኤግቡካ በጎን እያሉ በግንብ መሃል ለማለፍ መታገል!

ሻምፒዮኑ የሚለይበት ፕሌይኦፍ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድን የያዘ ባይሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ስምንተኛ ሆነው ገቡ፣ ሦስት ሳምንትም አገኙ። ዲሴምበር 21 ከቴነሲ ጋር የታየው ሌላ ቡድን ነው፦ ቀድሞ መወርወር፣ ሩጫውን በኋላ ማምጣት። ሃዋርድ ከ29 ውርወራ 24ቱን አሳካ፣ ጨዋታው 42 ለ 17 አለቀ። በሮዝ ቦውል ኦሬገንን 34 ለ 0 ከመሩ በኋላ 41 ለ 21 አሸነፉ፤ ስሚዝ ብቻውን 187 ያርድ አገኘ። ተከላካዮች ወደኋላ ሲሸሹ መሃሉ ይሳሳል፣ የተጠጋገነው መስመርም ፋታ ያገኛል።

በግማሽ ፍጻሜው የቴክሳሱን 28 ለ 14 ብዙ ሰው ተከላካዩ ጃክ ሶየር የወደቀ ኳስ ይዞ በሮጠው 83 ያርድ ያስታውሰዋል። ከዚያ በፊት የሆነው ግን አይረሳ፦ ቴክሳስ 1 ያርድ ቀርቶት ኳሱን ወደ ጎን አውጥቶ 7 ያርድ ከሰረ። አራተኛው ሙከራ ከ8 ያርድ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ በፍጻሜው ኖትርዳም ከ31 ለ 7 ተነስቶ 31 ለ 23 ደረሰ። ሦስተኛ ሙከራ፣ 11 ያርድ ይቀራል። ስሚዝን አንድ ለአንድ ተዉት፤ ሃዋርድ ወረወረለት፣ 56 ያርድ። ከዚያ ፊልድ ጎል፣ 34 ለ 23።

የፕሮፌሽናል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት በኤፕሪሉ ድራፍት ጃክሰን በ24ኛ፣ ሲመንስ በ32ኛ ተመረጡ። ሚኒሶታ ጃክሰንን የወሰደው ለጋርድነት ነው።