የመዳብ ሰሌዳና የኢስት ሃምፕተን ነፋስ

በአሜሪካዊቷ ሠዓሊ በሜሪ ኒሞ ሞራን ህትመቶች ላይ ነፋሱን የሚያመጡት አሲዱና የጠራጊው እጅ ናቸው እላለሁ፤ የዛፉ ማጎንበስ ከዚያ በኋላ ነው። ኤቺንግ፣ ማለትም የመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ የተበሉ ጭረቶችን ቀለም ሞልቶ፣ ላዩን ጠርጎ ወረቀት ላይ ማተም፣ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። በ1881 የለንደኑ የኤቺንግ ሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነች፤ ከመጀመሪያዎቹ አባላት ብቸኛዋ ሴት። ባሏ ቶማስ ሞራን በምዕራብ አሜሪካ ያለውን የሎውስቶንን በግዙፍ ሸራ የሳለ ነው፤ እሷ በሎንግ አይላንድ ያለችውን የኢስት ሃምፕተንን ኩሬና ቁጥቋጦ መረጠች። እኔስ የእሷ ይበልጥብኛል።

ሰሌዳውን ይዛ ወጥታ እዚያው መዳቡ ላይ ትስል ነበር። ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል፤ በህትመቱ ወደ ግራ ያጎነበሰው ዛፍ በቦታው ወደ ቀኝ ያጎነበሰ ነው። ከሥዕሉ የባሕሩን ነፋስ አቅጣጫ ለማንበብ የሚሞክር ይህን ይያዝ።

መርፌው መዳቡን አይቆርጥም። የሚጭረው ከሰም፣ ከሬንጅና ከሙጫ ተቀላቅሎ በስሱ የተቀባውን ሽፋን ነው። ስለዚህ እጅ ሳይከብደው ይሮጣል፤ የሣሩ ፍጥነት ከዚህ ይመጣል። ጥልቀቱን የሚሰጠው አሲዱ ነው፦ አንድ እጅ ናይትሪክ ለሁለት ወይም ለሦስት እጅ ውሃ። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ጭረቱ ላይ የሚቀመጠው አረፋ በላባ ካልተጠረገ መስመሩ ይቆራረጣል። የሰማዩ መስመሮች ጥቂት ደቂቃ ከተበሉ በኋላ ሰሌዳው ወጥቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ መስመሮቹም በቫርኒሽ ይዘጋሉ፤ ከዚያ የፊት ለፊቱ ሣር ገና ይበላ ዘንድ ተመልሶ ይገባል።

ጀማሪ የሚያበላሸው ቁጥቋጦው ላይ ነው። ላጥቁር ብሎ ጭረት በጭረት ሲደራርብ በመካከል የቀረችው የሰም ክር ትነሳለች፤ አሲዱ ሁሉንም አንድ ላይ በልቶ ሰፊ ጎድጓዳ ያደርገዋል። ጎድጓዳው ቀለም አይዝም፣ ሲጠረግ አብሮ ይወጣል። ከሁሉ ይጠቁራል የተባለው ቦታ ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ግራጫ ሆኖ ይታተማል። ጥቁረት የሚገኘው መስመሮቹን ሳያነካኩ ጠለቅ አድርጎ በማስበላት ነው።

ከዚያ ጠረጋው። ሰሌዳው ሞቅ ብሎ ቀለሙ በሻሽ፣ ቀጥሎ በመዳፍ ይጠረጋል። ሰማዩ ላይ ስስ ቀለም ከተተወ ደመና ይመጣል፤ ሙልጭ ተደርጎ ከተጠረገ እኩለ ቀን ይሆናል። ለስላሳ ጨርቅ በጭረቶቹ ላይ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ቀለሙ ከመስመሩ ትንሽ ይወጣና ቅጠሉ የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ከበዛ ሣሩ ጭቃ ነው። ወረቀቱም እርጥብ ይሁን እንጂ ላዩ ላይ ውሃ አያብለጭልጭ፤ ካብለጨለጨ ቀለሙን አይቀበልም። ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ቅጂዎች የተለያየ አየር የሚያሳዩት በዚህ ነው፤ ቅጂ የሚያማርጥ ሰው መጀመሪያ ሰማዩን ይይ።