ነጥቧ አልቆም አለች

አይስላንድ የሄድኩት መሬት ስትላቀቅ ለማየት ነው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። በዓመት ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ የሚሄድን ነገር ማን ቆሞ ያየዋል?

ሬይክያኔስ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ አካባቢ፣ ሳንድቪክ ላይ፣ አጭር የብረት ድልድይ አለ። ከሥሩ ጥቁር አሸዋ የሞላው ስንጥቅ። በወዲህ በኩል ሰሜን አሜሪካ፣ በወዲያ አውሮፓ ይሉታል። ሰዉ ተራ ይዞ መሃሉ ላይ ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነሳሁ፤ እዚያ ድረስ ሄጄ ልተወው እንዴ?

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ከፈትኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ ድልድዩን ትታ አሸዋው ላይ ወርዳለች። ትንሽ ቆየችና ወደ ማዶ ተሻገረች። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ስህተቱ 4 ሜትር ያህል ነው። ሒሳብ የሚወደው ጓደኛዬ ወዲያው አሰላት፦ “በዓመት ሁለት ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ስልክህ በአንድ ደቂቃ የሁለት መቶ ዓመት መንገድ ሄደ።”

ጀርመናዊውን ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነርንም ያስቸገረው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ካለ በኋላ፣ ማስረጃ ብሎ ካቀረባቸው አንዱ ግሪንላንድ ላይ ሰማይን በማየት የተገኙ ልኬቶች ነበሩ። ቁጥሩ እጅግ የተጋነነ ሆነ። መሬቷ ከምትሄደው የመለኪያው ስህተት በለጠ። ሐሳቡ ትክክል፣ ልኬቱ ስህተት።

አስጎብኚያችን ጂኦሎጂ የተማረች ናት። በስልኬ ሳቀችና “እውነተኛውን ላሳያችሁ” ብላ መኪናውን ወደ አንድ የላቫ ሜዳ ነዳችው። የድንጋይ ሽበት የለበሰውን አለት እየረገጥን ትንሽ ተጓዝን። ያሳየችን የመሬትን ጉዞ በሳተላይት የሚለካ የጂፒኤስ አንቴና ነው። መጀመሪያ ሳየው፣ እውነት ለመናገር፣ ቅር አለኝ። የብረት እግሮች አለቱ ውስጥ ተቸንክረዋል። ከላይ የተደፋ ሳህን የመሰለ ነጭ ክዳን አለ። አጠገቡ ሳጥንና ሶላር፣ ሌላ ምንም የለም። ነፋሱ እኛን ሊጥለን ይታገላል፤ እሱ ፍንክች አይልም። ቦርሳዬን ላስደግፍበት ስል “ተው!” ብላ ጮኸችብኝ። ሁለት ሚሊሜትር ባነቃንቀው ከአንድ ወር በላይ የሆነ የመሬት ጉዞ አበላሸሁ ማለት ነው።

የሚያዳምጠው ስልኬ የሚያዳምጣቸውን ሳተላይቶች ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩትን። ስልክ ግን መልእክቱ መቼ ተላከ፣ መቼ ደረሰ ብሎ ርቀቱን ይገምታል። ይሄኛው መልእክቱን የተሸከመውን ሞገድ ራሱን ይለካል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሞገዱን ቁራጭ ማንበብ የቻለ ሚሊሜትር ውስጥ ገባ። ችግሩ በመካከል ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ አለመታወቁ ነው። እሱን ለመፍታት ብዙ ሳተላይቶችን ለሰዓታት መከታተል ያስፈልጋል። የላይኛው አየር የሚያመጣው መዘግየት ሁለት ዓይነት ሞገድ በማነጻጸር ይታረማል። አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት የሚያመጣው መዘግየት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ አራት ሰዓት ልፋት በኋላ ግራፉ ላይ የምትቀመጠው አንዲት ነጥብ ናት።

ለመሆኑ የሁለቱ አህጉራት ድንበር የት ነው? አንቴናዎቹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ብትከተሏቸው፣ ፍጥነታቸው በአንድ እርምጃ አይቀየርም። በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ስፋት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ ያ ድልድይ ትንሽ ይዋሻል። ፎቶዬን ግን አላጠፋሁትም።

ከሁሉ የገረመኝ ስልኳ ላይ ያሳየችን የስቫርትሴንጊ ግራፍ ነው። ብሉ ላጉን የሚባለው ዝነኛ መዋኛ ያለበት አካባቢ ነው። አንቴናው ወደ ጎን ብቻ አይሄድም፤ ወደ ላይም ይወጣል። ከሥሩ ቅልጥ አለት ሲጠራቀም መሬቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ቅልጥ አለቱ ሾልኮ ሲሄድ ድንገት ዝቅ ይላል። ከዚያ እንደገና መውጣት ይጀምራል። ግራፉ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል።

ኅዳር 10 ቀን 2023 በእነሱ አቆጣጠር፣ ቅልጥ አለቱ ወደ ጎን እየሰነጠቀ ግሪንዳቪክ ከተማ ሥር ገባ። ነዋሪው በዚያው ሌሊት እንዲወጣ ተደረገ። የከተማዋ አንድ ክፍል ከአንድ ሜትር በላይ ሰመጠ። ሃምሳ ዓመት የሚወስደውን መንገድ በሰዓታት ጨረሰው እንደማለት ነው። ታኅሣሥ 18 እሳተ ገሞራው ከከተማዋ በስተሰሜን ፈነዳ።

“የመጨረሻዋ ነጥብ የትኛዋ ናት?” አልኳት። በጣቷ አሳየችኝ። ከበፊተኛዋ በጥቂቱ ከፍ ብላለች። ማናችንም ምንም አላልንም።

መመለሻችን በስቫርትሴንጊ በኩል ነበር። መንገዱ ላቫው ላይ አዲስ ተሠርቷል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ክምር ነው። ስልኬን ከፈትኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ ከመንገድ ወጥታ ላቫው መሃል ትሄዳለች። ካርታው ገና አሮጌውን መንገድ ነው የሚያውቀው።