ዘጠኝ ጅምር፣ አንድ ደብተር

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ካሜራ አለ። በየወሩ እየከፈልኩ ነው የገዛሁት። ዕዳው ሳያልቅ ፎቶ ማንሳቱን ተውኩት። ከካሜራው ሥር የሥዕል ብሩሾች አሉ፣ ከብሩሾቹ ሥር የሂሳብ አያያዝ ሰርተፍኬቴ፣ ከሰርተፍኬቱ ሥር ደግሞ እስከ ምዕራፍ አራት ብቻ የተሰመረበት የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ። መሳቢያውን የከፈተ ሰው የአራት ሰው ዕቃ ይመስለዋል። ሁሉም የኔ ነው።

አባቴ አዲስ ነገር በጀመርኩ ቁጥር «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ግን የኔ ችግር እሱ አልነበረም። እኔ አንድ በአንድ ነው የምወጣው። እኩሌታው ላይ ስደርስ ጎኑ ያለው ዛፍ ያምረኛል፣ እወርዳለሁ፣ እንደገና ከሥር እጀምራለሁ። በ31 ዓመቴ እኩዮቼ ቅርንጫፍ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። እኔ ገና ግንድ አቅፌ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ምክር መጠየቅ። «የምትወጂውን ሥሪ» አሉኝ። የቱን? አምና የምወደውን ወይስ ዘንድሮ የምወደውን? አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ «ዝም ብለሽ አንዱ ላይ ጨክኚ» አለችኝ። ጨክኜ አይቻለሁ እኮ። ሂሳብ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ጨክኜ፣ መጨረሻ ላይ እሁድ ከሰዓት በኋላ በመጣ ቁጥር ነገ ሰኞ ነው እያልኩ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

ከዚያ የሙያ ዝንባሌ መመዘኛ ወሰድኩ። ጆን ሆላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1959 ካወጣው ሐሳብ የመጣ ነው። ሰውንም ሥራንም በስድስት ዓይነት ይከፍላል፤ በእጅ መሥራት የሚወድ፣ መመራመር የሚወድ፣ ወደ ኪነ ጥበብ የሚያደላ፣ ሰው መርዳት የሚወድ፣ መምራትና ማሳመን የሚወድ፣ ሥርዓትና መዝገብ የሚወድ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የኔ ውጤት ግን ስድስቱም ላይ ተቀራራቢ ሆኖ መጣ። ከሳምንት በኋላ ደግሜ ወሰድኩት፣ ቅደም ተከተሉ ተገለባበጠ። ለካ ጥያቄዎቹን የምመልሰው በዚያ ሳምንት በያዘኝ ፍቅር ነው።

ቁጥርም ፈልጌያለሁ፣ ለመጽናናት። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1964 የተወለዱ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ፣ ከ18 እስከ 56 ዓመታቸው ድረስ በአማካይ 12.7 ሥራ እንደያዙ ጽፏል። ሳነበው ደስ አለኝ፤ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። ትንሽ ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን ግማሽ ያህሉን የያዙት 25 ዓመት ሳይሞላቸው ነው ይላል። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ የረዳኝ ነገር ተራ ደብተር ነው። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ፣ ለአካለ መጠን ከደረስኩ ወዲህ የጀመርኩትንና የተውኩትን ሁሉ ዘረዘርኩ። ዘጠኝ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፍኩ፤ ምን ስቦኝ ገባሁ፣ ምን ያህል ቆየሁ፣ የተውኩ ሳምንት ምን እየሆነ ነበር። ሦስተኛው ነው ጉዱን ያወጣው።

ሥዕል የተውኩት ትምህርቱ የሰው እጅ መሳል ላይ ሲደርስ ነው። ጣቶቼ ሁሉ ካሮት እየመሰሉ አስቸገሩኝ። ፕሮግራሚንግ የተውኩት ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽን የሚባለው ነገር የመጣበት ምዕራፍ ላይ ነው። ፎቶ ማንሳት የተውኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ የከፈለኝ ሰው «ፊታችን ጠቁሯል» ባለ በሳምንቱ ነው። ያኔ ለሰው ሁሉ የምናገረው «ሰለቸኝ» እያልኩ ነበር። ራሴም አምኜዋለሁ።

ሂሳብ ሥራን የተውኩ ሳምንት ግን ምንም አልሆነም። ችግሩም እሱው ነው፣ ምንም አልሆነም። የወር መዝጊያውን ዓይኔን ጨፍኜ መሥራት ችዬ ነበር። ሽያጭ ላይም እንደዚሁ፣ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት የሚለውን ማወቅ ስጀምር ነው የወጣሁት።

ስቆጥረው ከዘጠኙ አምስቱን የተውኩት ሰልችቶኝ ሳይሆን ፈርቼ ነው። አራቱን ብቻ ነው በእውነት ሰልችቶኝ የተውኩት። ይሄን ለማመን ሁለት ቀን ወሰደብኝ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ከውስጥ ሲሰሙ አንድ ናቸው። ያዛጋሻል፣ ስልክ ትነካኪያለሽ፣ ሌላ ነገር ያምርሻል፣ «ይሄ የኔ አይደለም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። መለያ ያገኘሁት በኋላ ነው፤ «ይሄ ነገር ነገ ጠዋት በተአምር ቢቀለኝ እቀጥልበታለሁ ወይ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ አዎ ከሆነ አልሰለቸኝም፣ እየሸሸሁ ነው። ቀልሎኝም የማልፈልገው ከሆነ ያው አልቋል ማለት ነው፣ መሄድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ቻርለስ ዳርዊን ልናገር፤ ለብዙ ዓመት ሰበብ አድርጌዋለሁና። እ.ኤ.አ. በ1825 ኤዲንብራ ሕክምና ሊማር ገባ፣ ተወው። ካምብሪጅ ሄዶ ቄስ ሊሆን ተማረ፣ እሱንም አልሆነም፤ ይልቅ ጥንዚዛ ሲሰበስብ ከረመ። በ1831 መርከብ ላይ ወጥቶ አምስት ዓመት ዓለምን ዞረ። «አያችሁ፣ እሱም እንደኔ ነው» እል ነበር። የማልናገረው ክፍል ከ1846 እስከ 1854 ያለውን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ መርከብና ድንጋይ ላይ የሚጣበቁ ትናንሽ ቅርፊታም የባሕር እንስሳትን ብቻ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ኖረ። መሐል ላይ በጣም ሰልችቶት እንደነበር ለወዳጁ ጽፏል። ግን ጨረሰው። እኔ የወደድኩለት መተዉን ብቻ ነበር።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። በእውነት በሰለቹኝ ሥራዎች ውስጥ እንኳ ያልሰለቸሁባቸው ሰዓቶች ነበሩ። ሂሳብ አልዘጋ ሲልና የጎደለችው ብር የት እንደገባች ስፈልግ እስከ ማታ እቀመጥ ነበር፣ ማንም ሳያዘኝ። ሽያጭ ላይ የተናደደ ደንበኛ ሲመጣ ባልደረቦቼ ወደኔ ይልኩታል፤ ምን እንዳናደደው መፈልፈል እወድ ነበር። ድረ ገጽ ስሠራም ከመሥራቱ ይልቅ የተበላሸውን መፈለግ ነው የሚጥመኝ። እና እኔ ሥራ የምመርጠው በርዕሱ ነበር፤ ሂሳብ፣ ፎቶ፣ ኮምፒውተር። ርዕስ እኔ ዘንድ ዕድሜው ዘጠኝ ወር ቢሆን ነው። መምረጥ የነበረብኝ ቀኑ ምን እንደሚመስል አይቼ ነው። ችሎታው ያው ሆኖ፣ ፊቴ የሚቀመጠው ነገር ግን ዕለት ዕለት የሚለያይበት ሥራ።

አራት ሙያ ጻፍኩ፤ ኦዲት፣ ትርጉም፣ የመድን ካሳ ምርመራ፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና። ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ሰው ፈለግኩና ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ማክሰኞ ያልኩት ሰኞ ስብሰባ ይበዛዋል፣ ዓርብ ልብ የለም ብዬ ነው። ሰው ስለ ሙያው ስትጠይቂው ንግግር ያደርጋል። ስለ ማክሰኞ ስትጠይቂው እውነቱን ይናገራል። ኦዲተሩ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ከደረሰኝ ሲያመሳክር ዋለ፤ ይቅርብኝ አልኩ። ተርጓሚዋ ጠዋት የመድኃኒት መግለጫ፣ ከሰዓት የኪራይ ውል ሠርታለች፣ እሷ ልቤን ልትወስደው ትንሽ ቀርቷት ነበር።

መሣሪያ የሚጠግኑት ሰው ግን፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ «ከምነግርሽ መጥተሽ እዪው» አሉኝ። ሄድኩ።

ጠረጴዛቸው አጠገብ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ መተንፈስ ለከበደው ሕመምተኛ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን፣ ቆሟል። ትንሽ የጉዞ ሻንጣ ያህላል፣ ከታች ጎማ አለው። ነርሷ «ቢጫ መብራት ያበራል» ብላ ትታው ሄዳለች። ይሄ ማሽን ኦክስጅን አይፈጥርም። አየሩን ይስብና ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀረዋል፤ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይዞ የሚያስቀረው ዚዮላይት የሚባል ጠጠር መሳይ ነገር ነው፣ ሁለት ቱቦ ውስጥ የታጨቀ። ማሽኑ ጤነኛ ሲሆን 93 በመቶ አካባቢ ኦክስጅን ይወጣዋል። ጋሼ መለኪያውን ሰኩት። 74።

«ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።» ከጀርባው ያለውን ስፖንጅ መሰል ፊልተር አወጣሁት፤ አቧራው ከመወፈሩ የተነሳ እንደ ጨርቅ ተላጠ። አገኘሁት ብዬ ፈነጠዝኩ። አጠብነው፣ አደረቅነው፣ መልሰን ከተን አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። 76። ጋሼ ሳቅ አሉ። «የመጀመሪያውን ጥፋት ያገኘ ሁሉ የጨረሰ ይመስለዋል።» ከዚያ የቱቦ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ቀባን፤ አየር ቢያፈስ አረፋ ያወጣል። አላወጣም። መዝገቡን ገለጥን። ማሽኑ ወራት ሙሉ የተቀመጠው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለ እርጥብ ክፍል ውስጥ ነው። ዚዮላይት ደግሞ እርጥበት አይወድም፤ ውኃውን ይጠጣና ናይትሮጅን መያዝ ያቅተዋል። ዚዮላይት የታጨቀባቸው ሁለቱ ቱቦዎች በአዲስ ተቀየሩ፣ ትንሽ ቆየን። 94። ቀና ብዬ ሰዓት ሳይ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን አልነካሁም።

በማግስቱ ሥራ ለቀቅኩ ብል ደስ ይል ነበር፤ ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ ያደረግኩት እሱን ነው። አሁን ግን ለራሴ ሕግ አወጣሁ። አዲስ የማረከኝን ነገር ቀን ጽፌ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፣ ለ30 ቀን ምንም ዕቃ አልገዛም፣ ለምንም አልመዘገብም። መዋስ ይቻላል፣ ማየት ይቻላል። የካሜራው ዕዳ ያስተማረኝ ነው። 30 ቀኑ አልፎም እየሄድኩ ጋሼ ዘንድ ስቀመጥ፣ የማታ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ጀመርኩ፣ ቀን እየሠራሁ። በጎን የስድስት ወር መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀምኩ። ሁለት ዓመት ፈጀ።

አምስተኛው ወር ላይ፣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሉት ትምህርት ሲመጣ፣ ከየት መጣ ሳልለው የሸክላ ሥራ ፍቅር ያዘኝ። ሌሊት ሌሊት የሸክላ ቪዲዮ ሳይ አድራለሁ። መጽሐፉን ስከፍት አዛጋለሁ። ደግነቱ አሁን ይሄን ሽሽቴን አውቀዋለሁ። ጥያቄውን ጠየቅኩ፤ ቢቀለኝ እቀጥላለሁ? አዎ። ስለዚህ ሸክላውን ደብተሩ ላይ አስፍሬ፣ ትምህርቱን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ያልገባኝን የክፍል ጓደኛዬን ያለ ሃፍረት ጠየቅኩ፣ በቀን 25 ደቂቃ ብቻ ለማንበብ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ሦስት ሳምንት የፈጀ ትግል ነው። የሸክላው ፍቅር ፈተናው ባለፈ በነጋታው ጠፋ፣ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ሥራ ስፈልግ ሲቪዬ ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። መጀመሪያ ግማሹን ልደብቀው አሰብኩ። ከዚያ ይልቅ በየሥራው ምን ጥፋት ፈልጌ እንዳገኘሁ ጻፍኩ፤ ከሂሳቡም ከሽያጩም ከድረ ገጹም አንድ አንድ። ያኔ የዘጠኝ ሰው ታሪክ መምሰሉ ቀርቶ የአንድ ሰው መሰለ። ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰው «እዚህስ ስንት ወር ትቆያለሽ?» ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀኝ። «የሚበላሽ ነገር እስካለ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው። ሁሉ ነገር ጣፋጭ ነው አልልም። የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ደሞዜ ከሂሳብ ሠራተኝነቴ ያንስ ነበር። አሰልቺ ሳምንትም አለ፤ ስድሳ የደም ግፊት መለኪያ ተደርድሮ አንድ በአንድ ሲፈተሽ፣ ያንኑ ቅጽ ስድሳ ጊዜ ስትሞዪ። እሱን በጠዋት፣ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰክቼ እገላግለዋለሁ። የማይሰለች ሥራ ስፈልግ ነው ያን ያህል ዓመት የጠፋው፤ አሥር እጁ ሲሰለች ዘጠና እጁ የሚይዘኝ ይበቃኛል። ሌላው የገረመኝ ነገር የተውኳቸው ነገሮች ተመልሰው መምጣታቸው ነው። የመለዋወጫ በጀት የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሂሳብ ስለማውቅ። ማሽን ስፈታ ከእያንዳንዱ ብሎን በፊት ፎቶ አነሳለሁ፣ ውስጡ ጨለማ ቢሆንም የኔ ፎቶ አይጠቁርም። (ያ ደንበኛ ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር።)

አንድ ነገር ግን ሳልል አልለፍ። የሚወዱት ነገር ላይ እንኳ መቀመጥ የሚያቅታቸው፣ ከልጅነት ጀምሮ ዕቃ የሚጥሉ፣ ቀጠሮና ክፍያ የሚረሱ ሰዎች አሉ፤ ይሄ ከሥራ ምርጫ ጋር አይገናኝም፣ የትኩረት ችግር ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው። ደብተር ለሁሉ አይሠራም።

ሰሞኑን የእጅ ሰዓት ጥገና ዓይኔ ገብቷል። ያ ሁሉ ጥቃቅን ጥርስ፣ ፀጉር የምታህል ስፕሪንግ። ትንንሾቹ መፍቻዎች በሳጥን ሲሸጡ አየሁና እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ደብተሩ ላይ አስፍሬዋለሁ። ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው።