ደሴ ላይ ልጆችን ኳስ ሳሰለጥን ያበላሸሁት

ሜዳ ስላችሁ ሣር አትጠብቁ። ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ያለ፣ ግማሹ ድንጋይ ግማሹ አቧራ የሆነ፣ በአንድ በኩል ወደ ገደል ያዘነበለ ቦታ ነው። ኳስ በዚያ በኩል ከወጣች ጨዋታው ቆመ ማለት ነው። ወርዶ ለማምጣት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። «የመታው ይውረድ»፣ «አይ፣ የሳታት ይውረድ» የሚለው ክርክር ደግሞ ሌላ አምስት።

ሥራዬ እንጨት ሥራ ነው። አሰልጣኝ የሆንኩት ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። የሰፈሩ ልጆች ለክረምት ውድድር ሊመዘገቡ ሲሄዱ «አሰልጣኝ አምጡ» ተባሉ፤ እኔን አመጡ። ልጅ ሆኜ ሆጤ ሜዳ ዳር ቆሜ ያየሁት ጨዋታ በቂ ትምህርት መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ብስጭቴ ሰልፍ ነበር። 18 ልጅ፣ አንድ ኳስ። አንዱ እየነዳ ሄዶ ድንጋዩን ይዞራል፣ ጎል ይሞክራል፣ ይመለሳል። ከኋላ ያሉት ጠጠር ይወራወራሉ፣ ይጓተታሉ። እኔ ደግሞ «ዲሲፕሊን የሌላችሁ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮሃለሁ። አንድ ማታ ሱቅ ቁጭ ብዬ በጣውላ መለኪያ እርሳሴ አሰላሁት። የአንዱ ተራ 20 ሰከንድ ነው። 18 ልጅ ሲደርሰው 6 ደቂቃ። በአንድ ሰዓት ልምምድ አንድ ልጅ ኳስ የሚያገኘው 10 ጊዜ፣ ሲደመር ሦስት ደቂቃ ከምናምን። ቀሪውን ሃምሳ ስድስት ደቂቃ ቆሞ ነው። እኔም ብሆን ጠጠር እወረውር ነበር።

ሰልፉን ተውኩት። ሜዳውን ለሁለት ከፈልነው፤ አራት ለአራት፣ ጎሉ ሁለት ሁለት ድንጋይ፣ በረኛ የለም። የተረፉት ሁለቱ ልጆች ዳኛ ይሆናሉ፣ በአምስት ደቂቃ ይቀየራሉ። ለሁለተኛው ጨዋታ ኳስ ስላልነበረ የካልሲ ኳስ ሰፋን። በኋላ መዋጮ ተሰብስቦ አራት ቁጥር ገዛን። ያቺ የድሮዋ አምስት ቁጥር ነበረች፣ የትልልቆቹ፤ የአሥር ዓመት ልጅ በቴስታ ሲመታት ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጣል። የአሜሪካ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ቴስታ እንዳይመቱ መወሰኑን ካነበብኩ በኋላ እኛም ለትንንሾቹ ከለከልን። አንዳንድ አባቶች «ልጁን ቅምጥል አደረግከው» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የሜዳ ዳር ጩኸት ነው። አንድ ልጅ ኳስ ይዟል እንበል። አባቱ «ምታ!» ይላል። አጎቱ «ጠልዛት!» ይላል። እኔ «አቀብል!» እላለሁ። ልጁ ቀና ብሎ ሦስታችንንም ያያል፤ ሲያየን ኳሷ ከእግሩ ሥር ሄዳለች። ከዚያ ሦስታችንም እንቆጣዋለን። አንዱ አባትማ ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ለተቀበለ ልጅ «ኦፍሳይድ!» እያለ ዳኛውን ሊጣላ ነበር። ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ እንደሌለ ልጁ ራሱ ነው የነገረው።

ስብሰባ ብጠራ እንደማይመጡ አውቃለሁ። አንዲት እናት ግን «እኔ ቡና አፈላለሁ፣ ጥራቸው» አሉኝ። እሁድ ከሰዓት እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። አቦል ላይ ማንም አልደፈረም፣ ቶና ላይ እኔ ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ በፊት እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አልኳቸው ያን የኦፍሳይዱን አባት። «ጨዋታ ሲጀመር እኔም ዝም እላለሁ። ጎል ሲገባ እናጨብጭብ፣ የማንም ይሁን።» በረካ ሲደርስ ተስማሙ። የኦፍሳይዱ አባት ግን «እኔ አልችልም፣ ወላሂ አልችልም» አሉ። አሁን ጎሉ ጀርባ ርቀው ይቆማሉ። እዚያ ሆነው ለራሳቸው ይጮሃሉ።

የዕድሜ ነገር አለ ደግሞ። ከ13 ዓመት በታች ተብሎ ጢሙን የተላጨ ልጅ የሚያሰልፍ ቡድን ሞልቷል። ፊፋ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ (የአጥንቱን ዕድገት አይቶ ዕድሜ የሚገመትበት ምርመራ) ማስነሳት የጀመረው ለዚሁ ነው። እኛ ሰፈር ኤምአርአይ ከየት ይመጣል? እውነቱን ልናገርና፣ እኔም አንዴ የ15 ዓመት ልጅ አስገብቻለሁ። አሸነፍን። ሦስት ጎል አገባ። የእኛው ልጆች ግን ሲጨፍሩ አላየሁም፤ ያን ቀን ኳስ አልነኩማ።

ስለ ተቀያሪዎች ሳስብ እስካሁን የምሸማቀቅበት አንድ ነገር አለ። ቡድኑ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ወደ ኮምቦልቻ ወርደን በተጫወትንበት ቀን፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ተጠቅጥቀን፣ ሙቀቱ ልጆቹን አድክሟቸው ነበር። ታላቁ ዝሏል፤ ታናሹን «ግባ!» አልኩት። አይነሳም። «ፈርተህ ነው? ምን ያደርግልሃል መለያ መልበስ?» ብዬ ሰው ፊት ተቆጣሁት። አንገቱን ደፋ። ታላቁ ከሜዳ ሲወጣ መስመሩ ላይ ተቀመጠና ታኬታውን መፍታት ጀመረ። ታናሹ ተቀበለው፤ ጫፉ ላይ የተጠቀጠቀውን ጨርቅ አስተካክሎ አጠለቀው። ለሁለቱ አንድ ታኬታ ነው ያላቸው። ለካ ሁልጊዜ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣው ለዚህ ነው፤ እኔ መግባት የሚፈራ ልጅ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም አይደል ኮች» አለኝ፤ እንዲህ ሲለኝ ይበልጥ አመመኝ።

ከዚያ ወዲህ በልምምድ ቀን ሁሉም በሸራ ጫማ ነው የሚጫወተው። ታኬታ ያለው ለውድድር ብቻ ያደርጋል። በአንድ ካርቶን ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ልጅ ደቂቃ እጽፋለሁ፤ ግማሽ ጨዋታ ያልሞላ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ይሰለፋል። በሰፈራችን ውድድር የወጣ ልጅ ተመልሶ እንዲገባ አዘጋጆቹን ለመንኳቸው፣ እሺ አሉ። የእግር ኳስ ሕጉም በታዳጊዎች ጨዋታ ፌዴሬሽኖች ይህን እንዲፈቅዱ በር ይከፍታል።

እንሸነፋለን ወይ? ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን። ባለፈው ቅዳሜ 4 ለ 2። አንዱን ያገባው ታናሽዬው ነው፣ በወንድሙ ታኬታ። የኦፍሳይዱ አባት ጎሉ ጀርባ ሆነው ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ኳሷ ገደል ስትገባ ማን እንደሚወርድ ግን እስካሁን አልተስማማንም።